የክንድ ማሳያ ጉብታ

ቁር አምባ ላይ የዘር እህል ተበላ፤ አገሩም ተፈታ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከዚህ በላይ አያረዝሙትም። ጠያቂ ሲያስቸግራቸው ብቻ ከገበያው በላይ ወዳለው ጉብታ ይጠቁማሉ።

ጉብታው ክንድ ማሳያ ይባላል። አናቱ ላይ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ የሣር ክዳን የደፋ አንድ ጎተራ ቆሟል፤ በጎኑ መሰላል ተደግፏል። ዛሬም ስለ መዋጮ፣ ስለ ግብር ወይም ስለ አገር ሀብት ሊናገር የሚነሣ ሰው፣ ሹምም ይሁን ገበሬ፣ አስቀድሞ ቀኝ እጅጌውን ጠቅልሎ መሰላሉን ይወጣል፤ ክንዱን እስከ ብብቱ እህሉ ውስጥ ይሰዳል፤ ከታች ያገኘውን ጨብጦ ለሕዝቡ ያሳያል። አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ክርኑ ላይ ሲደርስ ካቆመ «ጨምር!» ይሉታል። ለምን እስከ ብብት እንደሆነ ሲነገር እንዲህ ነው።

በዱሮ ዘመን ቁር አምባ ስልሳ ቤት ነበር ይባላል። ከየአውድማው አንዳንድ ዳውላ ገብስ ወደ ጎተራው ይገባል፤ በረዶ ያወደመበት ሰው ዘሩን ከዚያ ይወስዳል። የጎተራው ጠባቂ ደባስ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። እናትና አባቱ በአንድ ክረምት አልቀውበት፣ ታላቅ እኅቱ ዝማም በጀርባዋ አዝላ፣ ከአፏ ነጥላ ያሳደገችው ነው። ብዙ የተራበ ሰው ብዙ አያወራምና፣ ደባስም ከተጠየቀው በላይ ተናግሮ አያውቅም ነበር።

ፊታውራሪ መርሶ የተሾሙት በእሱ ዘመን ነው። አንደበታቸው የቀና፣ እጃቸው የተፈታ ሰው ነበሩ። በመጡ በዓመታቸው ትልቅ አዳራሽ አሠሩ፤ ለሠላሳ ተከታይ ቀለብ ሰፈሩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግብር አበሉ። ወደ ጎተራው ስልሳ ዳውላ ሲገባ ዘጠና ይወጣ ጀመር። ጉድለቱን ለመሙላት ከቆላ ነጋዴ እህል ተበደሩ፤ መያዣውም የመጪው ዓመት መከር ነበር። መጪው ዓመት ሲደርስ ገብሱ ከአውድማ ተጭኖ በቀጥታ ወደ ቆላ ወረደ፤ እሳቸውም የቀጣዩን ዓመት መከር አስያዙ።

ሕዝቡ ሲያጉረመርም በጉብታው ላይ ሰበሰቡት።

«ጎተራውን ያራቆተው ከእኔ በፊት የነበረው ሹም ነው» አሉ። «አሁን የምታዩት ጉድለት አይደለም። ሙላት ነው፤ ገና በመንገድ ላይ ያለ ሙላት! ጎደለ የሚል ሰው ካለ የአገሩን መልካም የማይወድ ነው።»

ዝማም ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። «ፊታውራሪ፣ በመንገድ ላይ ያለው ለራታችን ይደርሳል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ፊታውራሪም አብረው ሳቁ፤ ግን ስብሰባው እንደ ተበተነ ደባስን አስጠሩት።

«እህሉ ቢጎድል ይሞላል። የሕዝብ ልብ ከጎደለ ግን አይሞላም» አሉት። «ለልባቸው የሚሆን ነገር አብጅ።»

ደባስ ጨነቀው። እምቢ ቢል ሹመቱ ይነጠቃል፤ ጅራፉም አይቀርም። ጎተራው ውስጥ አግዳሚ እንጨት ሰካ፤ በእንጨቱ ላይ ሰሌን ዘረጋ፤ በሰሌኑ ላይ እስከ ክርን የሚደርስ ገብስ አፈሰሰ። ከዚያ በታች ባዶ ነበር። በአገሩ ልማድ ጎተራ የሚታየው ከላይ ነው፤ ሰው መሰላሉን ወጥቶ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ያያል፣ እጁን ሰድዶ ይዳስሳል፣ ይወርዳል። ሁሉም ወጥተው አዩ፤ «ተመስገን» እያሉም ወረዱ።

በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ዝማም ወደ ወንድሟ ቤት መጣች።

«ደባስ፣ አንዲት አቅማዳ የዘር ገብስ ቀርታልኛለች። ልጆቹ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ፈጭቼ ላብላቸውና በሰኔ ከጎተራው ልውሰድ?»

«ፊታውራሪ ሙሉ ነው ብለዋል።»

«ፊታውራሪን መች ጠየቅሁ? የጠየቅሁት አንተን ነው።»

ደባስ መሬት መሬት አየ። በደጅ የፊታውራሪ አሽከር በቅሎ ይዞ ቆሟል።

«ሙሉ ነው፣ እትዬ» አላት።

ዝማም ሄዳ ፈጨችው። እሷ መፍጨቷን የሰሙም፣ «የጠባቂው እኅት ካመነች እኛ ማን ነን?» እያሉ የየራሳቸውን ዘር ፈጩ ይባላል።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም መጣ። ሕዝቡ አቅማዳውን ይዞ ጉብታውን ሞላው። ፊታውራሪ መሰላሉ ሥር ቆመው ተናገሩ፤ ዝናቡ እስኪጸና አንድ ሳምንት መታገሥ የአስተዋይ ሕዝብ ጠባይ ነው አሉ። ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ብለው ነበር። ደባስ በሕዝቡ ውስጥ እኅቱን አያት። ባዶ አቅማዳዋን አጣጥፋ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

በፊታውራሪ አጠገብ አልፎ መሰላሉን ወጣ። እጅጌውን ጠቀለለ። ክንዱን ገብሱ ውስጥ ሰድዶ ሰሌኑ ላይ ሲደርስ አላቆመም፤ ቢላዋውን ይዞ ነበርና ቀደደው፤ እስከ ብብቱም ገባ። ያን ጊዜ በላይ የነበረው ገብስ ወደ ታች ወረደ። በባዶ ጎተራ ወለል ላይ ሲንኮሻኮሽ ጉብታው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማ። ድምፁ ብዙ አልቆየም ይላሉ። ብዙ እህል አልነበረማ።

ፊታውራሪ «ይህ ሰው ሰርቆናል!» ብለው ጮኹ። ዝማም ወደ መሰላሉ ቀረበች።

«በሚያዝያ ብትነግረኝ» አለችው፣ «አንድ አቅማዳ ነበረኝ።»

በማግሥቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች፤ ሌላውም ተከተላት። ፊታውራሪ መርሶ ደባስን አስገረፉት፤ በዚያው ወር ወደ ሌላ አገር ተሹመው ሄዱ። እዚያም ስለ ሙላት ይናገሩ ነበር የሚል ወሬ መጣ።

ደባስ ከጎተራው ወለል የጠረገውን ገብስ ለቀሩት አካፈለ፤ እነሱም ዘሩት። መከሩ ሲደርስ መጀመሪያ የሞላው ጎተራውን ነበር፤ ከዚያ በኋላም ክንዱን እስከ ብብቱ ሳይሰድድ ስለ እህል ቃል አልተነፈሰም። ልማዱ ከእሱ ቀረ ይባላል። ዛሬ ከወረዳ የሚመጡት ሹማምንት መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ኋላ ኮታቸውን ያወልቃሉ።

ከስልሳው ቤት በቁር አምባ የቀሩት አምስት ነበሩ። አንዱ የደባስ ነው። የዝማም ቤት ከአምስቱ ውስጥ የለበትም።