የጠነከረው ክንድ

አንድ ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ወንበር የማይነሣ ሰው ነበር። ስሙ አየነው ይባላል። ፋይሉም ሻዩም ካለበት ይመጣለታል። እሱ የሚነሣው ለምሳ ነው፤ ምሳውም ከመሥሪያ ቤቱ ሥር ካለው ሥጋ ቤት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ቦርጩ ቀበቶውን አልፎ ወረደ።

ይኸው ሰው አቶ ውብነህ የሚባሉ አባት ነበሩት። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራሉ። አንድ ቀን ግራ ጎናቸውን ያዛቸውና ወደቁ። ሐኪሙ አየነውን ጠርቶ አባቱ እየሰሙ፣ «ጨውና ጮማ አይቅመሱ። በየማለዳው ደግሞ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይዞ ያራምዳቸው። እግራቸው ይመለሳል፤ ካልተንቀሳቀሱ ግን እዚያው አልጋ ላይ ይቀራሉ» አለው። አቶ ውብነህም በዚያው ዕለት ተሳሉ። «መድኃኔዓለም፣ ካስነሣኸኝ ለዓመቱ ክብረ በዓልህ በእግሬ መጥቼ ደጅህን እስማለሁ» አሉ።

አየነው ግን ጊዜ አልነበረውም። «አባባ፣ ይሄ የቢሮ ሥራ እኮ አጥንት ይሰብራል። ማለዳ በምን አቅሜ ልነሣ? ትንሽ ሲቀለኝ» አላቸው። ምግቡንም፣ «ለአንድ ሰው ብሎ ጨው የሌለው ወጥ ማን ይሠራል?» ብሎ ተወውና ለራሱ ከሥጋ ቤት ያስጠቀለለውን ጥብስ ያካፍላቸው ጀመር። እሳቸውም ልጃቸው ያመጣላቸውን አመስግነው ይበላሉ።

ማራመዱን የያዙት ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ነበሩ፤ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ ሴት ናቸው። ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ጎራ ብለው፣ ሽማግሌውን ደግፈው ከክፍላቸው እስከ ግቢው በር ያደርሱና ይመልሷቸዋል። «ዛሬማ ጋሼ እኔን ጥለውኝ ሊሄዱ ነው» እያሉ ያስቋቸዋል። እግዜር ይስጣቸውና ቀስ በቀስ የሽማግሌው እግር መሬት መያዝ ጀመረ።

ታዲያ አንድ ቀን በአየነው መሥሪያ ቤት ሊፍቱ ተበላሸ። ደረጃውን ወጥቶ ስብሰባ ሲደርስ መናገር አቃተው፤ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። አንዱ ባልደረባው ቦርጩን አየት አድርጎ፣ «አየነው፣ ቀኑ ደርሷል መሰለኝ፤ የገንፎውን እህል እናስፈጭ እንዴ?» ሲል ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አለቃው ሳይቀር ሳቀ።

ያ ሳቅ የሐኪሙ ቃል ያልሠራውን ሠራ። አየነው የሩጫ ጫማ ገዛ፣ ሚዛን ገዛ፣ ክዳን ያላቸው የምሳ ዕቃዎች ገዛ። እሑድ እሑድ የዶሮ ሥጋና ምስር ይቀቅላል፣ ካሮትና ጎመን ይከትፋል፤ ጨው የሚባል አያስነካውም። እየለካ የሳምንቱን ምሳ በየዕቃው ከፍሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደረድራል። ማለዳም ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቶ ይሮጣል። ሰውነቱም ታዘዘለት፤ ቦርጩ ገባ፣ ትከሻው ሰፋ። ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደቻለ ሲጠይቁት፣ «ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ይዋሻል። ቁም ነገሩ ከልብ መፈለግ ነው» ይላቸዋል።

አንድ እሑድ አባቱ ግድግዳ እየያዙ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደረሱ።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ጨው የሌለው ነው አባባ፤ አይጥምዎትም።»

«ሐኪሙስ እንዲህ ያለውን አልነበር ያለው?»

አየነው ጭልፋውን እንደያዘ የምሳ ዕቃዎቹን ቆጠረ። «የሳምንቱ ተለክቶ ነው። አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይበላሽብኛል» አላቸው።

«ይሁን» አሉና ግድግዳቸውን ይዘው ተመለሱ።

ክብረ በዓሉ ሲቃረብ የእትዬ ዘርፌ ልጅ ገጠር ወለደች። አራሷን ሊጠብቁ ከመሄዳቸው በፊት ወደ አየነው መጡ።

«ጋሼን አደራ። ከክፍላቸው እስከ በሩ ብቻ ነው። አንተ እንደሆንክ አሁን ማለዳ ትነሣለህ።»

«እትዬ፣ የኔ እኮ ሩጫ ነው። ከእሳቸው ጋር እየተንፏቀቅኩ ሰውነቴ መቼ ሊሞቅ ነው? ለበዓሉ ታክሲ እይዝላቸዋለሁ።»

«በእግሬ ብለው ነው እኮ የተሳሉት። የስለት መንገድ በታክሲ ይሄዳል እንዴ?»

«እንግዲህ ስለቱን እኔ አልተሳልኩ» ብሎ ሳቀ። እትዬ ዘርፌ አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አባቱ ማለዳ ማለዳ ለባብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። «አየነው፣ ዛሬ ትንሽ?» ይሉታል። «ስመለስ አባባ» ይላል የጫማውን ክር እያጠበቀ። ሲመለስ የቢሮ ሰዓት ደርሷል። በነጋታውም «ዛሬ ትንሽ?» ይላሉ፤ እሱም «ስመለስ» ይላል። መጠንከር የጀመረላቸው እግር እንደገና ከዳቸው።

የክብረ በዓሉ ዕለት፣ ከበሮው ከሩቅ እየተሰማ፣ አየነው ሩጫውን ጨርሶ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። ከግቢው በር ውጭ ነጭ ነገር ወድቆ አየ። አባቱ ናቸው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸው ወዲያ ተወርውሮ፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳዞሩ ወድቀዋል። ጎንበስ ብሎ ብቻውን አነሣቸውና መኪና እስኪገኝ ታቅፏቸው ቆመ፤ ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም። አቶ ውብነህ ክንዱን ዳሰስ አደረጉት። «ጠንክረሃል ልጄ፤ ተመስገን» አሉ። ሊወቅሱት ብለው አይደለም፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነው።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። ክረምቱ ሳይገባ አረፉ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ የአስከሬኑ ተሸካሚዎች በየመሐሉ ይቀያየራሉ። አየነው ግን «ላግዝህ» ያለውን ሁሉ ራሱን ነቅንቆ እየመለሰ፣ ከቤት እስከ መቃብሩ ትከሻ ሳይለውጥ ወሰዳቸው። የዕድሩ ሰዎች፣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ተባባሉ። እትዬ ዘርፌም ከገጠር ደርሰው ነበር። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ጠጋ ብለው በቀስታ፣ «ያን ጊዜ እኮ ሸክም አልነበሩም። ክንድህን ብቻ ነበር የፈለጉት» አሉት።

ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ሲነቀል አየነው ማቀዝቀዣውን ከፈተ። «አንዱ ከጎደለ ይበላሽብኛል» ይለው የነበረው የሳምንቱ ምሳ፣ በለቅሶው ሰሞን ሳይነካ፣ አንድም ሳይጎድል እንደተደረደረ፣ ሁሉም ተበላሽቶ ጠበቀው።

ወገኖቼ፣ ሰውነትን መጠበቅ ክፉ ነው አልልም። እግዜር የሰጠንን መያዝ ይገባናል፤ መሮጡም መልካም፣ ጨው መተዉም መልካም። ግን ለሌላው ሲሆን ያጣነው ጊዜ፣ ለራሳችን ሲሆን ከየት ይመጣል? ጉልበት የተሰጠን የደከመውን እንድንይዝበት ነው። ለራሱ ብቻ ያጠራቀመው ሰው አንድ ቀን ያወጣዋል፤ የሚያወጣው ግን ሬሳ ለመሸከም ነው። ያኔ ሰው ያመሰግነዋል፣ እሱ ግን እውነቱን ያውቀዋል። አምላክ ሳይረፍድብን ዐይናችንን ይግለጥልን።

ነገ ማለዳ የጫማችሁን ክር ስታጠብቁ ቀና ብላችሁ ደጃፉን ተመልከቱ። «ዛሬ ትንሽ?» እያለ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?