ማን ጣለልህ

ከጨንገር ወንዝ በላይ ያለው ገደላማ ኮረብታ ዛሬም «ማን ጣለልህ» ይባላል። ስሙን ያወጣችው የበግና የግመል ጠጉር እየፈተለች የምትኖር ወለተ ሐና የምትባል ሴት ናት ይላሉ የአገሩ ሽማግሌዎች።

እንደሚነገረው፣ ዝናብ ሁለት ክረምት በጠፋበት ዘመን አንድ እንግዳ ከበረሃ ወጣ። የግመል ጠጉር ለብሶ፣ ወገቡን በጠፍር ታጥቆ ነበር። ኤልያስና መጥምቁ ዮሐንስ እንዲህ ይለብሱ እንደነበር ከቄሱ አፍ የሰማው ሕዝብ፣ ሰውየው ገና ሰላምታ ሳይሰጥ ጉልበቱን ሳመ። ዓለምን የናቀ፣ ለንጉሥም የማያጎነብስ ሰው ልብስ ነውና «ነቢይ መጣልን» ተባለ፤ ከቀረቻቸው እህል ቆንጥረው አበሉት። እርሱም መጀመሪያ ዝም ብሎ ይበላ ነበር። ውሃ ወዴት እንደሚገኝ አጥብቀው ሲጠይቁት ግን «ወደ ደረቁ ወንዝ ውረዱና ቆፍሩ፤ ዘንድሮም ዝናብ የለም» አላቸው። ቢቆፍሩ ውሃ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚጠራጠር ጠፋ፤ አገሩ ሁሉ፣ የወለተ ሐና ልጅ ይመኙሻል ሳትቀር፣ በደረቀው ጨንገር አሸዋ ላይ ጎጆ ቀለሰ።

ወለተ ሐና ግን «ወንዝ የሄደበትን አይረሳም» ብላ ከኮረብታው አልወረደችም። አንድ ቀን ሰውየው ሊባርካት ቢወጣ፣ እንደ ሌላው «አባቴ» ልትለው ስትል የልብሱን ጠርዝ አየችና ጨብጣ ያዘችው። በቀይ ክር የጠቀመችው የራሷ ስፌት ነበር፤ በበረሃ ለመነነው ወንድሟ ፈትላ፣ አሠርታ የሰደደችለት።

«ኤልያስ መጎናጸፊያውን ለኤልሳዕ ጣለለት» አለችው። «ላንተስ ማን ጣለልህ?»

«ሞቶ አገኘሁት» አላት ሰውየው። «በርዶኝ ነበር። ለብሼው ወደ ሰው ስገባ አበሉኝ።»

«ወንድሜን ቀበርኸው?»

«አልቀበርሁትም።»

«እንግዲያስ ውረድና በሕይወት ላሉት እውነቱን ንገር። ልጄን መልስልኝ።»

ያን ጊዜ ከላይ በደጋው ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሰውየው ልብሱን አውልቆ አለት ላይ ጣለና በቡትቶ ግልድም ብቻ እየሮጠ ወረደ። «ነቢይ አይደለሁም፤ ውጡ!» እያለ ቢጮህ ያወቀው አልነበረም። «ይህ እብድ ከየት መጣ?» ብለው በድንጋይ አባረሩት። ጉልበቱን ከሳሙት አንዱ እንኳ ፊቱን አላስተዋለም ነበር፤ ሲያዩ የከረሙት የግመል ጠጉሩን ነው።

ይመኙሻል ብቻ እናቷ ከገደሉ ጫፍ ስትጣራ ሰምታ ሕፃኗን አዝላ መውጣት ጀመረች። ከእኩሌታው መንገድ ዘወር ብትል ጎርፍ ጠርጓቸው ጎጆዎቹ የሉም። ሰውየውም አልወጣም፤ ጎርፉ ሲደርስ ተመልሶ የመጨረሻውን ጎጆ በር ሲደበድብ ነበር ይባላል።

ወለተ ሐና ልብሱን ልትቀብር ወደ አለቱ ብትመለስ አጣችው። ነፋስ ወሰደው የሚሉ አሉ፤ የሚበዙት ግን ሰው አነሣው ይላሉ። ዛሬ በማን ትከሻ ላይ እንዳለ አይታወቅምና፣ በዚያ አገር እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ልብሱን ከደጅ አስወልቀው፣ ነጠላ አልብሰው፣ ፊቱን በቀን ብርሃን አስተውለው ሳያዩ ቃሉን አይሰሙም።