የደብሪቱ ጉልላቶች

የወተት ጥርሳችሁን ጣራ ላይ ስትወረውሩ የምትጠሩት ስም የማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እናቶቻችሁም አልጠየቁም። እንግዲያው ተቀመጡና ስሙ።

ድሮ፣ ቤቱ ሁሉ በሣር በሚከደንበት ዘመን፣ እንዶድ በር በሚባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ውቢት የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት። ጭቃውን የምታወጣው ከመንደሩ በታች ካለው ወንዝ ዳር ነው፤ እንጀራዋ እሱ ነው። እንስራው የእሷ ነው። ድስቱ የእሷ ነው። በየጎጆው ጫፍ ላይ የተደፋው፣ ዝናብ በምሰሶው በኩል እንዳይገባ የሚከለክለው የሸክላ ጉልላትም የእሷ ነው። ሰዉ በእንስራዋ ይጠጣል፣ በጉልላቷ ይጠለላል፣ እሷን ግን ቡዳ ናት ይላል። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

አንድ ቀን የጎረቤቷ የይታክቱ ልጅ፣ እናቷ ድስት ስትገዛ አጠገቧ ቆማ ለደብሪቱ ሳቀችላት። በማግስቱ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ልጅቱ ጥርስ የምትነቅልበት ዕድሜዋ ነበር። ይታክቱ ግን "በዓይኗ ቀጠፈችው" አለች። ደብሪቱን አስጠሯት። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ቡዳው ሲተፋበት ነው ይባል ነበርና "ትፊባት" አሏት። ደብሪቱን ልጅቱ አሳዘነቻት። መትፋት ምን ይጎዳኛል ብላ እንትፍ እንትፍ አለችባት። ክረምቱ ሳይወጣ አዲሱ ጥርስ በቀለ።

"አያችሁ?" አለች ይታክቱ። "እሷ ባትበላው ኖሮ በእሷ ምራቅ ይመለስ ነበር?"

ያን ቀን ባትተፋ ኖሮ እያልኩ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አዘነች። ጥፋቷ ያ ብቻ ነው።

በዓመቱ የመሪጌታው የልጅ ልጅ ጥርስ ወለቀ። ደብሪቱን አስጠሯት። አሁን ግን ውቢትን ይዛ መጣች። የልጇን አፍ በጣቷ ከፍታ አሳየች።

"እዩ። የእሷም ወልቆ በቅሏል። ለእሷ ማን ተፋላት?"

አያ ስመኝ የሚባል ሽማግሌ "ታዲያ ጅብ የራሱን ግልገል ይበላል እንዴ?" አለ። ሰዉ ሳቀ። ውቢት አፏን በእጇ ሸፈነች። ደብሪቱም ተፋች። ጥርሱ በቀለ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ዕቃዋን የሚገዙ እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በነጠላ ጫፍ ይሸፍኑ ጀመር።

ሦስተኛው የጭቃ ሹሙ ልጅ ደጀኔ ነው። ጢም ማብቀል የጀመረ ጎረምሳ ነበር። በቅሎ ረግጣው የፊት ጥርሱ ረገፈ። በቅሎዋ ስትረግጠው መንደሩ ሁሉ አይቷል። ደብሪቱን ግን አስጠሯት።

"ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የወተት ጥርስ አይደለም" አለች።

"አንቺ ሴት፣ ትፊ ተብለሻል ትፊ" አላት ጭቃ ሹሙ።

ተፋች። መስቀል አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ፋሲካም አለፈ። ጥርሱ አልበቀለም። ጭቃ ሹሙ "የይታክቱን መለሰች፣ የመሪጌታውን መለሰች፣ የእኔን ልጅ ከለከለች" አለ።

ሸንጎ ተቀመጠ። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ድዳቸው ባዶ ነው። ከወለቀባቸው ጥርስ አንዱም ተመልሶ አልበቀለም፤ ለአንዱም ሸክላ ሠሪ አልተከሰሰችም። ብዙ አገር አይቻለሁ፣ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሸንጎ ያልተቀመጠበት አገር አላገኘሁም። ባዶ ድዳቸውን በምላሳቸው እየዳሰሱ "ከአገር ትውጣ" ብለው ፈረዱ።

ዕቃዋን ደጇ ላይ ሰባበሩት። ደብሪቱ የውቢትን እጅ ይዛ ስትወጣ ወደ ጎጆዎቹ ጫፍ ቀና ብላ አየች።

"ያንንስ?" አለች። "ራሳችሁ ላይ ያለውንስ አትሰብሩትም?"

ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ደመናው ከብዷል። ደብሪቱ ቆላ ወረደች። ለሸክላ የሚሆን ጭቃ በሌለበት አገር፣ ለሰው እንጨት እየለቀመች ሞተች።

በእንዶድ በር የልጆች ጥርስ መውለቁን አላቆመም። የሚተፋ ግን ጠፋ። እናቶች ጨነቃቸው። የይታክቱ ታናሽ ልጅ ጥርስ በወለቀ ጊዜ ይታክቱ ቀና ብላ ጉልላቱን አየች። የደብሪቱ እጅ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ልጇን ጥርሱን ወደ ጉልላቱ አስወረወረችና "ደብሪቱ፣ የወደቀውን እንኪ፣ የሚበቅለውን ስጪኝ" አስባለችው። ጥርሱ በቀለ። እንዴት አይበቅል? የልጅ ጥርስ ነው።

ዛሬ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ የሸክላ ጉልላት የለውም። ልጆች ግን አሁንም ይወረውራሉ፣ ስሟን ይጠራሉ። ትልልቆቹ ይህን እሷን ማክበር ይሉታል።

ይህን የነገረችኝ አያቴ ውቢት ናት። እስክትሞት ድረስ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም። የእንዶድ በር ሰዎች ሲያገኙኝ "የድሮ ነገር ነው፤ ደብሪቱም ይቅር ብላን ይሆናል" ይሉኛል። እሷ ብላ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ማንንም ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።