ወደ ደሴቱ የተሻገረው አፈር

በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ሥርዓት ነበራቸው። አንበሳ ይገዛል፣ ቀበሮ አዋጅ ያነባል፣ የቀሩት ይሸከማሉ። ሥርዓቱ ለዘመናት ያለ እንከን ሠርቷል፤ በተለይ ለአንበሳና ለቀበሮ።

አንድ ዓመት ብርድ ሸሽታ ከኢጣሊያ የመጣች ሽመላ አንበሳውን ስታጫውት፣ «እዚያ በሐይቅ መካከል፣ ደሴት ላይ የቆመ ቤተ መንግሥት አለ» አለችው። «ግድግዳው በወርቅ ቅብና ከድንጋይ በተፈለፈለ አበባ ያጌጠ ነው። የአትክልቱ ቦታ እርከን በእርከን ወደ ሰማይ ይወጣል። በየእርከኑ ሐውልት ቆሟል፣ ነጫጭ ጣዎሶችም ይንሸራሸሩበታል።»

አንበሳው እንቅልፍ አጣ። እሱም በሐይቁ መካከል ደሴት ነበረው፤ ግን ራቁቱን የቀረ አለት ነው።

«አፈር ከየት ይምጣ?» ሲል ጠየቀ።

«ከሕዝብዎ» አለ ቀበሮው።

የዳሩ የግጦሽ መስክ ተቆፈረ። አህዮች አፈሩን እስከ ውሃው ተሸከሙ፤ ጉማሬዎች በጀርባቸው አሻገሩት። ዝንጀሮዎች ድንጋይ ጠርበው ቤተ መንግሥት ሠሩ፣ የአንበሳውንም ምስል በየማዕዘኑ አቆሙ። ሎሚና ጽጌረዳ ተተከለ፣ ጣዎሶቹም መጡ። አንበሳው ከቀበሮው ጋር ወደ አዲሱ ቤቱ ገባ፤ ምግቡም በየቀኑ በጉማሬ ጀርባ ይሄድለት ጀመር።

ለዳሩ የተረፈው ጭንጫ ነበር። በጋው ሲገባ ሣር ጠፋ። የእመት ጉማሬ ልጅ የእናቱን ደረቅ ጡት እንደያዘ ሞተ። የአህያይቱም ውርንጭላ ሞተ፤ መቅበሪያ አፈር ስላልተገኘ በድንጋይ ከደኑት።

ጉባኤ ተጠራ። ቀበሮውም ከደሴቱ ተሻግሮ መጣ።

«አፈራችን ይመለስልን!» አለች አህያይቱ። «ልጆቻችን እያለቁ ነው።»

ቀበሮው ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበራችሁ ወገኖች፣ ኀዘናችሁ ኀዘናችን ነው። ነገር ግን አትክልቱ የማን ነው? የእናንተው ነው! እዚሁ ቆማችሁ ስታዩት አያምርም? ግርማዊነታቸው ደግሞ ሌላ እርከን እንዲጨመርበት ፈቅደዋል።»

«ፈቅደዋል?» አለች እመት ጉማሬ። «የልጄ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ፈቅደዋል?»

መልስ አልጠበቀችም። ቀበሮውን «ና ጀርባዬ ላይ ውጣ፣ ላድርስህ» አለችው። ደሴቱ ላይ አራግፋው ስትመለስ ለወገኖቿ፣ «ከእንግዲህ ወዲያ የሚሄድም፣ ወዲህ የሚመጣም የለም» አለቻቸው። ጉማሬዎቹ ደሴቱን ከብበው ውሃው ውስጥ ተኙ።

የአንበሳው ምሳ ቀረ፤ እራቱም ቀረ። አገሣ፤ የደነገጡት ጣዎሶቹ ብቻ ነበሩ። እነሱን በላ። እነሱም ሲያልቁ ወደ ውሃው ጠርዝ ወረደ።

«እመት ጉማሬ፣ አሻግሪኝና የላይኛው እርከን ሣር ላንቺ ይሁን።»

«ጀርባዬ የሚመልሰው አፈሩን ብቻ ነው» አለችው። «አንተ ከላዩ እስክትነሣ እንጠብቃለን።»

አንበሳው ቀስ ብሎ ደረጃውን ወጣ። ቀበሮው በታላቁ አዳራሽ ቆሞ ስለ መንግሥት ጽናት ንግግር ጀምሮ ነበር። አንበሳው ቃሉን አልሰማም፤ የሚያየው የቀበሮውን ጭን ነበር።

ውሃው ውስጥ የተኙት ንግግሩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ሰሙ። ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።