አህያው አልጠጣም ያለው ቀይ ውሃ

ተረቴን ላምጣ? አምጣ ካላችሁ፣ ይኸው መጣ።

ዘርፌ የምትባል ክር በቀለም የምትነክር ሴት ነበረች። ያን ዕለት ጠዋት የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ አህያዋ ውሃ እንዲጠጣላት። የእህቷ ልጅ ውዴ ነገ ልትዳር ነው። ቀሚሷ ተሰፍቶ አልቋል፤ ዛሬ ሳይመሽ ካልደረሰላት ግን በተውሶ ቀሚስ መዳሯ ነው። ቀሚሱን የሚያደርሰው አህያው ነው፤ መንገዱ ደግሞ ረጅምና ደረቅ ነው፤ ጉድጓዱም ነጥፏል። የቀረው ክር የታጠበበት የገንዳ ውሃ ብቻ ነው። ዘርፌ በባልዲ ቀድታ አቀረበችለት።

«ጠጣ እንጂ፣ አንተ!»

«አልጠጣም፤ ቀይ ነው» አለ አህያው ጆሮውን ጥሎ።

«ውሃ ሆይ፣ ጥራልኝ! አህያው አልጠጣ አለ።»

«አልጠራም፤ ቀለሙ ይዞኛል።»

«ቀለም ሆይ፣ ልቀቅልኝ! ውሃው አልጠራ አለ፣ አህያው አልጠጣ አለ።»

ቀለሙ ሳቀ። «ክሩን ስትነክሪብኝ እንዳልለቅ ብለሽ አልነበር? ካልተቆራረጥኩ ንቅንቅ አልልም።»

የገንዳው ወለል ላይ ነጭ ዱቄት ተለብጧል፤ የለበጠላት ጎረቤቷ ቀለም ቀቢው ደምሳሽ ነው። ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ያው ግድግዳ የሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው።

«ዱቄት ሆይ፣ ቁረጥልኝ! ቀለሙ አልለቅ አለ፣ ውሃው አልጠራ አለ፣ አህያው አልጠጣ አለ።»

«በምን እጄ? ኤሌክትሮኖቼ ተኝተዋል። ፀሐይ ትቀስቅሳቸው።»

«ፀሐይ ሆይ፣ ቀስቅሺልኝ! ዱቄቱ አልቆርጥ አለ፣ ቀለሙ አልለቅ አለ፣ ውሃው አልጠራ አለ፣ አህያው አልጠጣ አለ።»

«ከጠዋት ጀምሬ እያንኳኳሁ ነው፤ ቆርቆሮው አላሳልፍ አለኝ።»

«ቆርቆሮ ሆይ፣ አሳልፍልኝ! ፀሐይ አልቀሰቅስ አለች፣ ዱቄቱ አልቆርጥ አለ፣ ቀለሙ አልለቅ አለ፣ ውሃው አልጠራ አለ፣ አህያው አልጠጣ አለ።»

«እኔ እግር አለኝ? የከደነኝ ያንሣኝ!»

በእነሱ ሰፈር ውሃን ሳይከድኑ መተው ነውር ነው። ገንዳውን በቆርቆሮ የከደነችው ራሷ ዘርፌ ናት፤ አሁን እንኳ ከቀዳች በኋላ መልሳ ከድናዋለች።

ደምሳሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ዘርፍዬ! ፀሐይ አግኝቶት ውሃውን እንዲያጠራ የለበጥኩልሽን እንደ ጠላ ጋን ከደንሽው?»

«ታዲያ ውሃ ክፍት ይተዋል? ሰው ምን ይለኛል!»

«ሰውማ ‹ውዴ በተውሶ ቀሚስ ተዳረች› ይልሻል።»

ይህን ስትሰማ ቆርቆሮውን ብድግ፣ የባልዲውንም ውሃ ወደ ገንዳው ግልብጥ!

ቆርቆሮው ተነሣ፣ ፀሐይ ገባች፣ ኤሌክትሮኖቹም ከተኙበት ዘለሉ። ይኼው ዝላይ ሽቦ ቢያገኝ መብራት ያበራ ነበር፤ እዚህ ግን መቀስ ሆነ። የዘለለው ኤሌክትሮንና ባዶ የቀረው ቦታው፣ አንዱ ከአየሩ ሌላው ከውሃው ጋር እያበረ፣ ቀለሙን ይከትፈው ጀመር። ወዲያው እንዳይመስላችሁ! መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ሮዝ፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል የገንዳው ነጭ ወለል ወለል ብሎ ታየ።

ፀሐይ ቀሰቀሰች፣ ዱቄቱ ቆረጠ፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ውሃው ጠራ፣ አህያው ጠጣ። ጠጥቶም አላበቃ፤ ሆዱ እስኪነፋ ላፈው!

ከዚያም ቀሚሱን ጭኖ ከዘርፌ ጋር ገሠገሠ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ውዴ ቀሚሷን ለክታ በመስተዋት ፊት ስትሽከረከር፣ ዘርፌ በር ላይ ቆማ እልል አለች።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ፤ የጠማው ይጠጣ፣ ያልገባው ይጠይቀኝ።