የጫማው ክፍል

ባለሀብቱ ሐጂ ሙዘይን የሚያሠሩትን ግቢ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጀመዓውን ሰበሰቡ። መስጊዱም፣ መድረሳውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ አዳራሹም በካርቶን ተሠርተው ቆመዋል።

አንዲት ቅመም ሻጭ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና፣ "የሴቶች መስገጃ የታለ?" አለች።

ሐጂ ከመስጊዱ ደረጃ ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል በጣታቸው ነኩ።

"ሁላችንም እዚህ ውስጥ?"

"ተጠጋግታችሁ ስትሰግዱ ትበቃችኋለች። ትስፋ ካልሽ ከየቱ ላይ ልቀንስ? ከአላህ ቤት? ከልጆቹ መድረሳ? በይ፣ እዚሁ ጀመዓው ፊት ተናገሪ!"

ከአላህና ከሕፃናት ላይ ቀንሱ ብሎ የሚናገር ማን ነው?

ሴትዮዋ ከመስጊዱ በር አጠገብ መስኮት የተደረደረለትን ሰፊ ክፍል አየች። "ይኼስ የምንድን ነው?"

"የወንዶች ጫማ ማስቀመጫ።"

"እንግዲያው ከምንም አይቀነስ። ጫማው እኛ ክፍል ይግባ፣ እኛ እዚህ እንሰግዳለን።"

"አብደሻል እንዴ?" አሉ ሐጂ ጮክ ብለው። "ያ ሁሉ ጫማ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ እንዴት አድርጎ ይገባል?"

"ተጠጋግቶ ነዋ፣ ሐጂ" አለች።