ቦራና ድብዳቡ ውስጥ የገባው ጭጎጎት

ተረት ተረት፣ የፈረስ በረት! ላሞቹ ዛሬ ይረፉ፤ ተራው የፈረስ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትና ዕቃዎች እርስ በርስ ሲያወሩ፣ ቦራ የሚባል ግንባሩ ነጭ የሆነ ወጣት ፈረስ ነበረ። ጌታው አያ ደርበው ጠዋት ጠዋት ወንዝ ወስዶ ያጠጣዋል፣ ጀርባውን በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ገብስ ያበላዋል፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ያስጋልበዋል። በዚያ አገር ፈረሱ በጥምቀት ጉግስ ያማረለት ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። አያ ደርበውም "አባ ቦራ" መባልን ይመኝ ነበር። ቦራም ይመኝለት ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ አያ ደርበው ልጓሙን መወልወል፣ የኮርቻውን ዘርፍ ማሳመር ያዘ። ጀርባ መዳበሱን ግን ተወው። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ አጥቦ ሣር ላይ አሰጣው። ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ የሚጣበቀው እሾሃሙ ጭጎጎት ይህን አየና፣ "እንዴት ያለ ምቹ ቤት ነው!" ብሎ ተለጠፈበት።

በማግስቱ አያ ደርበው ኮርቻውን ጫነና ቦራ ላይ ወጣ። ጭጎጎት ወጋ። ቦራ ዘለለ። አያ ደርበው ጭቃ ላይ ዘጭ!

ጎረቤቶቹ ሳቁ። "አያ ደርበው! አንተ ነህ ፈረሱን የምትገራው፣ ወይስ እሱ ነው አንተን?"

ቦራ ልጓምን ጠየቀው። "ጀርባዬን የሚወጋኝ ማነው?"

"እኔ አፍ እንጂ ጀርባ አላውቅም" አለ ልጓም።

በሁለተኛው ቀን አያ ደርበው ጠፍሩን አጥብቆ አሰረ። ጭጎጎት ባሰበት። አሁንም ዘጭ!

ቦራ ኮርቻን ጠየቀው። "እኔ የጌቶች መቀመጫ ነኝ፤ ከሥሬ ያለውን አላይም" አለ ኮርቻ።

በሦስተኛው ቀንም ዘጭ! አያ ደርበው ክንዱን ይዞ ተነሳ። "ነገም ከጣለኝ ለጭነት እሸጠዋለሁ!" አለ።

ያን ጊዜ ድብዳብ አፍሮ ሹክ አለ፦ "ጭጎጎት ነው። እኔ ውስጥ ገብቷል። እንዳላወጣው እጅ የለኝም።"

ቦራ ጋጣው ውስጥ አለቀሰ። አብራው የምታድረው በቅሎ ጆሮዋን አነቃነቀች። "አንተ ሞኝ፣ ሲወጋህ ትዘላለህ፤ ስትዘል ክፉ ትመስላለህ። ሰው ቋንቋችንን አይሰማም፤ ዓይን ግን አለው። ቁምና አሳየው።"

"አባትሽ ማነው ሲሉሽ እናቴ ፈረስ ናት የምትይ፣ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?"

"ይህንንም ከእናቴ ነው የተማርኩት" አለች በቅሎ ሳትቆጣ።

ነጋ። አያ ደርበው ጫነ፤ ጠፍሩን አጠበቀ።

"ዝለል! ዝለል እንጂ!" አለ ጭጎጎት እየወጋ።

ቦራ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልዘለለም። አንገቱን አዙሮ ድብዳቡን በከንፈሩ ነካ። ጌታውን አየ። ደግሞ ነካ። ደግሞ አየ።

አያ ደርበው እርካቡ ላይ ያኖረውን እግሩን መለሰ። "ምን ሆነህ ነው የኔ ልጅ?" ጠፍሩን ፈታ፣ ኮርቻውን አወረደ፣ እጁን ድብዳቡ ሥር ሰደደ።

"ኡይ!"

ጣቱ ደማ። ድብዳቡን ሲገልጥ የቦራ ጀርባ ቆስሏል። አያ ደርበው መሬት ላይ ቁጭ አለ። "እኔ ለአንድ ጣቴ ጮህኩ፤ አንተ ይህን ሁሉ ችለህ ቆምክ። ጎረቤቶቼ እውነታቸውን ነው። መገራት የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ጭጎጎትን ነቅሎ እሳት ውስጥ ጣለው። ቁስሉን በሞቀ ውሃ አጠበ፣ ቅቤ ቀባው። ቁስሉ ሳይድን ጥምቀት ደረሰ። ሌሎቹ ሲጋልቡ አያ ደርበው ኮርቻ የሌለውን ቦራን እየሳበ በእግሩ ሄደ።

"ዘንድሮ ፈረሱ ነው ጌታ!" ብለው ሳቁበት።

የጉግሱ አለቃ ግን ቀረብ ብሎ የተቀባውን ቁስል አየ። ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ አያ ደርበውም ጥፋቱን ሳይደብቅ ነገረው።

"ከራሱ ክብር የፈረሱን ጀርባ ያስቀደመ ሰው አየሁ" አለ አለቃው ጮክ ብሎ። "እንኳን አደረሰህ፣ አባ ቦራ!"

ሳቁ ቆመ። ቦራም ያን ስም ሰምቶ አሽካካ።

በዓመቱ ሁለቱም ጋለቡ፤ እንዴት እንዳማረባቸው! ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጠዋት መጀመሪያ መዳፍ፣ ቀጥሎ ድብዳብ፣ መጨረሻ ኮርቻ ሆነ።

ተረቴን መልሱ፣ የፈረሳችሁን ጀርባ ዳብሱ።